ከቀለሙ በፊት እጥበቱ



ነሐሴ ሲጋመስ የየሰፈሩ የቀለም ሱቅ ደጃፍ በሰው ይሞላል። እንቁጣጣሽ ከመድረሱ በፊት ቤቱን ቀለም ማስነካት የብዙዎቻችን ልማድ ነው። ቤቱ በሙሉ ባይቻል ሳሎኑ፣ ሳሎኑ ባይቻል ወጥ ቤቱ፣ እሱም ባይቻል በርና መስኮቱ። ዛሬ ስለዚሁ ስጽፍ "ጡረታ የወጣች ነርስን ከቀለም ጋር ምን አገናኛት?" የምትሉ ትኖራላችሁ። ያገናኘኝ የልጅ ልጄ ነው። ታሪኩን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

ከአራት ዓመት በፊት ልጄ "እማዬ፣ ወጥ ቤቱ ጠቁሯል፤ ለበዓሉ ላስቀባልሽ" አለኝ። ቀለም ቀቢው ጠዋት መጣ፤ ግድግዳውን በደረቅ ጨርቅ ጠረግ ጠረግ አደረገና ማታ ጨርሶ ሄደ። ነጭ ሆኖ ሳየው ደስ አለኝ። ለእንቁጣጣሽ የመጣውን እንግዳ ሁሉ እየጠራሁ አሳየሁ። ጥምቀት ሳይደርስ ግን ከምድጃው በላይ ያለው ቀለም እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ መነሣት ጀመረ። በጥፍሬ ነካ ሳደርገው መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ተገንጥሎ ወደቀ። ገልብጬ ሳየው ጀርባው ቢጫ ነው፤ ስዳስሰው ያሙለጨልጫል። ለካስ አዲሱ ቀለም ግድግዳውን ጨርሶ አልነካውም። የያዘው ለዓመታት የተጠራቀመውን ቅባት ነበር።

ያን ጊዜ በራሴ አፈርኩ። በ1970ዎቹ የነርስነት ሥልጠና ስንጀምር መጀመሪያ ከተማርናቸው ነገሮች አንዱ ቁስል ሳይታጠብ እንደማይታሸግ ነው። ፋሻው የቱንም ያህል ነጭ ቢሆን፣ ቆሻሻ ላይ ከታሰረ ከሥር ማመርቀዙ አይቀርም። ይህን ለስንት ተማሪ አስተምሬ፣ የራሴን ግድግዳ ሳላጥብ አሸግሁት።

ቅባቱ ከየት ይመጣል?

የእኛ ወጥ ቤት ግድግዳ እንደ መኝታ ቤት ግድግዳ አይደለም። ቁሌት በተቁላላ ቁጥር፣ ቅቤ በተነጠረ ቁጥር፣ ዘይቱ በደቃቁ ከእንፋሎቱ ጋር ይነሣና ግድግዳው ላይ ይቀመጣል። የከሰሉ ጭስና የመንገዱ አቧራ እሱ ላይ ይለጠፋሉ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ስለሆነ አይታየንም። ከዓመታት በኋላ ግን ከምድጃው በላይ፣ በመደርደሪያው ጎን፣ ጣሪያው ከግድግዳው በሚጋጠምበት ላይ ቢጫና የሚያጣብቅ ሽፋን ይሆናል። በሩ አጠገብ፣ ማብሪያ ማጥፊያው ዙሪያ ደግሞ የእጃችን ወዝ አለ።

ውሃና ዘይት እንደማይዋደዱ ሁላችንም እናውቃለን። ለውስጥ ግድግዳ በብዛት የምንጠቀምበት ቀለም በውሃ የሚበጠበጥ ስለሆነ፣ ቅባት ያለበት ቦታ ላይ ሲያርፍ ይሸሻል፤ ትናንሽ ክብ ክፍተቶች ይፈጥራል። በሁለተኛና በሦስተኛ ቅብ ብንሸፍነው እንኳ ሲደርቅ የሚይዘው ነገር አያገኝም። የዘይት ቀለምም ቢሆን ከቅባት ጋር ተደባልቆ ቶሎ አይደርቅም፤ ሲደርቅም አይጠነክርም። ስለዚህ ቀለሙ ሲላጥ ሁልጊዜ ቀለሙን አንውቀስ። ውዱን ቀለም ገዝቶ ያልታጠበ ግድግዳ ላይ መቀባት ብርን ቅባት ላይ መለጠፍ ነው።

ያ የላምባ ቀን

በሚቀጥለው ዓመት ነሐሴ ሌላ ቀለም ቀቢ ተጠራ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ሥራውንም ይወዳል። "ይኼ ግድግዳ ቅባት ስላለበት ነው የተላጠው፤ መጽዳት አለበት ሲስተር" ሲለኝ ደስ አለኝ። ነገር ግን ማጽጃው ላምባ ነበር። በተለምዶ ሃይላንድ በምንለው የውሃ ፕላስቲክ ሞልቶ አመጣው፤ ጨርቅ እየነከረ ግድግዳውን አሸው። ለምሳ ሲወጣ ፕላስቲኩን ወለሉ ላይ፣ በሩ ጥግ ትቶት ሄደ። ክዳኑም አልጠበቀም ነበር። እኔ አይቼዋለሁ። "ሲመለስ ያነሣዋል" ብዬ አለፍኩት።

የልጅ ልጄ ያን ጊዜ ሁለት ዓመት ተኩል ነበር። ድምፁ ሲጠፋብኝ ወደ ወጥ ቤቱ ሄድኩ። መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ፕላስቲኩ በሁለት እጁ ነው፤ ደረቱ ረጥቧል፤ ያስላል። አፉን ሳሸተው ላምባ ነው። ለልጅ ውሃ ነው እንጂ ምን ይመስለዋል? መልኩም ያው፣ ፕላስቲኩም በየቀኑ የሚጠጣበት ነው።

እናቱ ጩኸቴን ሰምታ ሮጣ መጣች። መጀመሪያ ያደረገችው ጣቷን ወደ ጉሮሮው ለመስደድ ነበር። ጎረቤታችን ደግሞ በኩባያ ወተት ይዛ ገባች። ሁለቱንም ከለከልኳቸው። ብዙ እናቶች ልጃቸው መርዝ ሲጠጣ ቶሎ ማስመለስ ያድነዋል ብለው ያምናሉ፤ ላምባ፣ ቤንዚንና አኳራጅ ላይ ግን ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። እነዚህ ቀጫጭን ፈሳሾች ሆድ ውስጥ ካሉበት ይልቅ የሚያስፈራው ወደ ሳንባ ሲገቡ ነው። ልጁ ሲያስመልስ ወደ ላይ የሚመጣው ላምባ ወደ አየር ቧንቧው ሊገባ ይችላል፤ ሳንባውን ያቃጥለዋል። ወተቱም ሆዱን ሞልቶ እንዲያስመልስ ያደርገዋል እንጂ መድኃኒት አይደለም።

የረጠበውን ልብሱን አወለቅን፤ ቆዳውን በሳሙናና በውሃ አጠብን፤ ቀና አድርገን አቅፈን ወደ ሆስፒታል ሄድን። ፕላስቲኩንም ይዘን ሄድን፤ ሐኪሙ ልጁ የጠጣው ምን እንደሆነ እንዳይጠራጠር። ስድስት ሰዓት ያህል አልጋ ላይ አስተኝተው ትንፋሹን ሲቆጥሩ፣ ደረቱን ሲያዳምጡ ዋሉ። የሳንባው ችግር ወዲያው ላይታይ ስለሚችል መጠበቅ ግድ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የዋጠው ጥቂት ነበርና ማታ ይዘነው ገባን።

በሥራ ዘመኔ ላምባ የጠጡ ሕፃናትን ተቀብያለሁ። ሁሉም እንደ እሱ ማታውኑ ወደ ቤታቸው አልተመለሱም። ለእናቶች "የውሃ ዕቃ ውስጥ ሌላ ነገር አታስቀምጡ" ብዬ ስንት ጊዜ እንደ መከርኩ ቁጥሩን አላውቀውም። ያ ፕላስቲክ ግን የተገኘው እኔ ቤት ነው። ቀለም ቀቢውን ልቆጣ አልቻልኩም። ያየሁት እኔ ነኝ፤ ያለፍኩት እኔ ነኝ።

ታዲያ በምን ይጽዳ?

ከዚያ በኋላ ነገሩን ሥራዬ ብዬ ያዝኩት። የተማርኩት ቢኖር የወጥ ቤት ግድግዳ ለማጽዳት ላምባም ቤንዚንም አያስፈልግም። እንዲያውም ላምባ ለግድግዳው ራሱ አይበጅም። አሮጌውን ቅባት ያሟሟና ወደ ልስኑ ያሰርገዋል፤ የራሱንም ቅባት ትቶ ይሄዳል። ሽታው ለቀናት ቤቱን ይይዛል። አጠገቡ ከሰል ወይም ቡታጋዝ ከተለኮሰ ደግሞ ቃጠሎ ሊያስነሣ ይችላል። ለብ ያለ ውሃ፣ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙናና ትዕግሥት ይበቃሉ። ሳሙናው ቅባቱን በትንንሹ ከፋፍሎ ከውሃው ጋር እንዲወርድ ያደርገዋል። ሥራው ይኸው ነው። የምጽፍላችሁ በሲሚንቶ ልስንና በቀለም ለተሠራ ግድግዳ ነው።

መጀመሪያ ዕቃውን አውጡ፤ ከግድግዳው ጋር ያለውን ሶኬትና ማብሪያ ማጥፊያ ከቆጣሪው አጥፉ። የሸረሪት ድርና አቧራውን በደረቅ መጥረጊያ አውርዱ። ሁለት ባልዲ ያስፈልጋል፤ አንዱ ለሳሙና ውሃ፣ ሌላው ለንጹሕ ውሃ። ለአምስት ሊትር ለብ ያለ ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። ጓንት አድርጉ።

ስታጥቡ ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ ውጡ። ሰው ሁሉ ከላይ ይጀምራል፤ ያኔ ቆሻሻው ውሃ በደረቁ ግድግዳ ላይ እየወረደ መስመር ይሠራል፤ መስመሩም በኋላ አይለቅም። ታችኛው አስቀድሞ ከረጠበ ግን ከላይ የሚወርደው አይይዘውም። በስፖንጅ እያሻችሁ፣ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ያህል እየከፈላችሁ ሂዱ። ከምድጃው በላይ ለደረቀው ቅባት ሳሙናውን ውሃ ሳትጨምሩ ቀብታችሁ 10 ደቂቃ ያህል ተዉት። ሳይደርቅ እሹት፤ አንድ ጊዜ ካልለቀቀ ድገሙት። የድስት ሽቦ አትጠቀሙ፤ የሽቦው ስብርባሪ ግድግዳው ላይ ቀርቶ በኋላ ዝገት ያወጣል።

ሳሙናው ከታሸ በኋላ በንጹሕ ውሃና በንጹሕ ጨርቅ ከላይ ወደ ታች አለቅልቁት። ይህን የሚዘል ብዙ ነው። ግድግዳው ላይ የቀረ ሳሙና ራሱ ቀለም እንዳይዝ ያደርጋል። ውሃው ሲደፈርስ ቀይሩት፤ በቆሸሸ ውሃ ማለቅለቅ ቅባቱን ቦታ ማስለወጥ ነው።

ንጹሕ መሆኑን እንዴት እናውቃለን? ሁለት ቀላል መፈተኛ አለ። ሲደርቅ በነጭ ጨርቅ አሹት፤ ጨርቁ ቢጫ ከሆነ ገና ነው። ከዚያ በእጃችሁ ጥቂት ውሃ ርጩበት። ውሃው እንደ ዶቃ ተንከባሎ ከቆመ ቅባቱ አለ፤ ተንጣሎ ግድግዳውን ካረጠበው ጸድቷል።

አሮጌው ቀለም የዘይት ቀለም ሆኖ የሚያብረቀርቅ ከሆነ አዲሱ እንዲይዝለት በብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርጎ ማሸት ያስፈልጋል። ይህ ግን ከእጥበቱ በኋላ ነው። ቅባቱ ሳይነሣ ብርጭቆ ወረቀት ከተሸ ቅባቱን ወደ ውስጥ እያስገባን ነው። የጭስ ምልክቱ ታጥቦም ካልጠፋ፣ ቀለም ሻጩን የጭስና የእድፍ መሸፈኛ የሚሆን የመጀመሪያ ቅብ ጠይቁት፤ ያለዚያ ቢጫው በአዲሱ ነጭ ላይ ተመልሶ ይወጣል።

ሌላው መድረቁ ነው። በበጋ አንድ ቀን ሙሉ ሊበቃ ይችላል። አሁን ክረምት ነው፤ ግድግዳው ላይ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይሆናል። መስኮት ከፍታችሁ ሁለትና ሦስት ቀን ስጡት። ለዚህም ነው ዛሬ የጻፍኩላችሁ፤ ጳጉሜን ላይ ብጽፈው አይጠቅማችሁም። ካልደረሰም ለመስቀል ይቀባ፤ በዓሉ ቀለም ጠርቶን አያውቅም።

ቤታቸው የጭቃ ልስን የሆነ ወይም በኖራ የተቀባ ወገኖች ግድግዳውን ውሃ አያጠጡት፤ ይፈርሳል። በደረቅ ብሩሽ ጠርጎ፣ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ቀስ ብሎ መጥረግ ነው። ቅባት የጠጣው ቦታ ተፍቆ እንደገና ቢለሰን ይሻላል።

ስለ ሻጋታና ስለ በረኪና

በክረምት ጥግ ጥጉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ የሚሠራው ሻጋታ በሳሙና ብቻ አይሞትም። ሳሙናው ታጥቦ ከወረደ በኋላ፣ አንድ እጅ በረኪና በአሥር እጅ ውሃ በጥብጣችሁ ቀቡት፤ 10 ደቂቃ ቆይታችሁ አለቅልቁት። ጣሪያው ወይም ቧንቧው እያፈሰሰ ከሆነ ግን መጀመሪያ እሱ ይሠራ፤ ያለዚያ ሻጋታው ይመለሳል።

በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ። "ሁለቱ ሲደባለቁ የበለጠ ያጸዳሉ" የሚል ወሬ እሰማለሁ። የሚወጣው ክሎሪን የተባለ መርዛማ ጋዝ ነው፤ ዓይን ያቃጥላል፤ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ በጠባብ ክፍል ውስጥ ሊገድልም ይችላል። በር ተከፍቶ፣ ልጆችና አስም ያለበት ሰው ወጥተው ይሠራ።

በርና መስኮቱን ለሚያስቀቡ

ቅባቱ ለገንዘባችን ጠንቅ ነው፤ የአሮጌ ዘይት ቀለም ብናኝ ግን ለልጆቻችን ጠንቅ ነው። የቆዩ የዘይት ቀለሞች፣ በተለይ ደማቅ ቢጫና ቀይ የሆኑት፣ እርሳስ የተባለው ማዕድን ሊኖርባቸው ይችላል። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚገኘው እርሳስ በአንድ ኪሎ ከ90 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ተወስኗል። ነገር ግን በየቤታችን በሩ ላይ ያለው ቀለም ከዚያ በፊት የተቀባ ነው።

ይህ በር በደረቁ ሲፋቅ ብናኙ ወለሉ ላይ፣ ምንጣፉ ላይ፣ መጫወቻው ላይ ያርፋል። ሕፃን ደግሞ መሬት ነክቶ እጁን አፉ ውስጥ ያስገባል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ጉዳት የማያደርስ የእርሳስ መጠን አይታወቅም፤ ሕፃናትም ከሚውጡት እርሳስ ወደ ሰውነታቸው የሚያስገቡት ከአዋቂ አራትና አምስት እጥፍ ይሆናል። የሚጎዳው አእምሮን ነው፤ የልጁን የመማር ችሎታ ይቀንሳል። ደም ማነስም ያመጣል። ነፍሰ ጡር ከሆነች እናት ወደ ፅንሱ ያልፋል። ሕመሙ እንደ ላምባው በአንድ ቀን አይታይም፤ ስለዚህ ማንም ከበሩ ፍቅፋቂ ጋር አያያይዘውም።

መፍትሔው አሁንም ውሃና ሳሙና ነው። ቀለሙ ያልተነሣ ከሆነ አትፋቁት፤ አጥባችሁ ከላዩ ቀቡት። መፋቅ ግድ ከሆነ እያረጠባችሁ ፋቁ፤ ብርጭቆ ወረቀቱም ውሃ የሚችለው ዓይነት ይሁን። ከሥር ላስቲክ አንጥፉ፤ ፍቅፋቂውን ሰብስባችሁ አሥራችሁ ጣሉ። ደረቅ መጥረጊያ አታንሡ፤ በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉ። በእሳት እያቃጠሉ ማንሣት ደግሞ የከፋ ነው፤ ጭሱ ራሱ መርዝ ይሆናል። ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ወለሉ ተወልውሎ እስኪያልቅ ዘመድ ቤት ይዋሉ።

ከቀለም ቀቢው ጋር

ብዙ ጊዜ ቀለም ቀቢ የሚከፈለው በካሬ ሜትር ነው። ያጠበበትን ቀን የሚከፍለው የለም። ለምን ይጠብ? ከአሁን በኋላ ስትዋዋሉ እጥበቱን ለብቻው አስቡለት፤ ወይም እናንተው በሁለት ቅዳሜ አጥባችሁ ጠብቁት። "ላምባና ቤንዚን ቤቴ አይገባም፤ ብሩሽ ማጠቢያው አኳራጅም በራሱ ቆርቆሮ ይምጣ፤ ስትወጣ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ" በሉት። እኔ እንዲህ ስለው ያ ልጅ አልተቀየመም። "እኔም ትንሽ እኅት አለችኝ ሲስተር" አለኝ።

አያቶች ሆይ፣ የቀን ጠባቂዎቹ እኛ ነንና ይህን ያዙ። ልጅ ላምባ፣ አኳራጅ ወይም በረኪና ቢጠጣ አታስመልሱት፤ ወተትና ዘይትም አትስጡት። በረኪና ከሆነ አፉን በውሃ አጉመጥምጡት። ዓይኑ ውስጥ ከገባ 15 ደቂቃ ያህል በሚወርድ ንጹሕ ውሃ እጠቡት። ምንም ያልሆነ ቢመስልም ዕቃውን ይዛችሁ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

የእኔ ወጥ ቤት ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመቱ ነው፤ ከምድጃው በላይ አንድም ቦታ አልተላጠም። የልጅ ልጄ መስከረም ላይ ኬጂ 3 ይገባል። እስካሁን ፕላስቲክ ውስጥ ያለ ውሃ ሲሰጡት አሽትቶ ነው የሚጠጣው። እኔ አስተምሬው አይደለም።

መልካም ዝግጅት። ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።